የተለጠጠ ፊደል፤ በልደታ ታፔላዎች ላይ የቀረበ ሂስ

የአንድ ከተማ ኪነ ጥበብ የሚመዘነው በትያትር ቤቶቹና በሥዕል አዳራሾቹ ብቻ አይደለም። ትኬት ሳይቆረጥለት፣ የጥሪ ወረቀት ሳይታደልለት፣ ሕዝብ ወደደም ጠላም በየቀኑ የሚመለከተው ጥበብ አለ። ይኸውም በየሱቁ ግንባር፣ በየሕንፃው ወገብና በየአጥሩ ላይ የሚሰቀለው ጽሑፍ ነው። ሐያስያን ይህን ጽሑፍ አይጎበኙትም። ስለ አንድ ተውኔት ገጸ ባሕርያት ዐሥር ገጽ የሚጽፍ ብዕር፣ የተውኔቱን ስም ተሸክሞ በደጃፉ ላይ ስለ ተንጠለጠለው ሸራ አንዲት ዐረፍተ ነገር ሲጽፍ አይታይም። ሥራው የሠዓሊ ነው እንዳይባል ሠዓሊው ትቶታል፤ የአታሚ ነው እንዳይባል አታሚው «ደንበኛው ያዘዘውን ሠራሁ» ይላል። በመካከሉ ፊደል ባለቤት አጥቶ ይጎተታል። መጎተት የሚለው ቃል እዚህ ላይ ዘይቤ አይደለም፤ የሚደረገው ቃል በቃል መጎተት ነው።

ከሜክሲኮ አደባባይ ተነሥቶ በተግባረ እድ በኩል ወደ ልደታ የሚዘልቅ እግረኛ ጉዳዩን በሚገባ ሊያጠናው ይችላል። ልደታ በአጭር ጊዜ ውስጥ መልኩን የለወጠ ሠፈር ነው። አሮጌዎቹ መንደሮች ተነሥተው በምትካቸው የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ቆመዋል፤ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ያልፍበታል፤ ሁለቱ የባቡር መስመሮች አብረው መጥተው የሚለያዩትም ከዚሁ ነው። የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የልደታ ምድብ ችሎት መኖሩ ደግሞ ጠበቃውን፣ ማመልከቻ ጸሐፊውን፣ ፎቶ ኮፒ አንሺውንና ቁርስ ቤቱን ወደ አካባቢው ስቧል። አዲስ ሕንፃ አዲስ ሱቅ ነው፤ አዲስ ሱቅም አዲስ ታፔላ ነው። ስለሆነም የሠፈሩ ታፔላ በአብዛኛው በብሩሽ የተጻፈ ሳይሆን በኮምፒዩተር ተቀናብሮ በፕላስቲክ ሸራ ላይ የታተመ ነው።

በፍርድ ቤት አካባቢ እጅግ የሚደጋገመውን «ጠበቃና የሕግ አማካሪ» የሚለውን ጽሑፍ እንውሰድ። ዐሥራ አንድ ፊደል ነው። በአንዱ በር ላይ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተዘርግቶ፣ ክብደት እንደ ተጫነው ሊጥ ተንጣሎ ይታያል። በሌላው በር ላይ ያው ጽሑፍ በጠባብ ቦርድ ውስጥ ገብቶ እንደ ሸምበቆ ቀጥኖ ይቆማል፤ የ«ጠ» ሦስት እግሮች ከመጣበቃቸው የተነሣ ከሩቅ አንድ ጥቁር እንጨት ይመስላሉ። ሁለቱ ታፔላዎች የተሠሩት ከአንድ ዓይነት ቁምፊ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን ያመጣው የጸሐፊው እጅ ሳይሆን የቦርዱ ልክ ነው። ልብስ በሰው ልክ ሲሰፋ እናውቃለን፤ እዚህ ግን ሰውዬው በልብሱ ልክ ይሰፋል።

የአሠራሩ ሁኔታ ቀላል ነው። በፎቶሾፕ፣ በኢሉስትሬተር ወይም በኮረል ድሮው የተጻፈ ጽሑፍ በተመረጠ ጊዜ በዙሪያው ስምንት ትንንሽ መያዣዎች ይወጣሉ፤ አራቱ በማዕዘኖቹ፣ አራቱ በጎኖቹ መካከል። የማዕዘኑን ይዞ መጠኑን እንደ ጠበቀ ያሳደገ ሰው ፊደሉን አተለቀው እንጂ አላበላሸውም። የጎኑን ይዞ የጎተተ ግን ቁመቱን ሳይነካ ስፋቱን፣ ወይም ስፋቱን ሳይነካ ቁመቱን ብቻ ለወጠ። በፎቶሾፕ ለብዙ ዓመታት ማዕዘኑም ቢሆን ሊታመን አይችልም ነበር፤ መጠኑ እንዲጠበቅ «ሺፍት» የተባለውን ቁልፍ ተጭኖ መያዝ ያስፈልግ ነበርና። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 የወጣው እትም ልማዱን ገልብጦ መጠን ጠብቆ ማሳደግን የመሣሪያው የተለመደ ጠባይ አድርጎታል። ቢሆንም መጎተት የፈለገ እጅ አልተከለከለም።

ጉዳቱ ከወዴት እንደሚመጣ ለመረዳት ጥቂት ሒሳብ ይበቃል። የአንድ ፊደል ቋሚ መስመር ውፍረት 10፣ የአግዳሚው 4 ነው እንበል። ፊደሉ ወደ ጎን እጥፍ ሲጎተት ቋሚው 20 ይሆናል፤ አግዳሚው ግን እዚያው 4 ላይ ይቀራል። እግሩ እንደ ግንድ ወፍሮ ክንዱ እንደ ክር ይቀጥናል። ወደ ላይ እጥፍ ሲጎተት ደግሞ በተቃራኒው አግዳሚው 8 ደርሶ ከቋሚው 10 ጋር ሊስተካከል ይቃረባል፤ በዚህም ጊዜ ከብርዕ አቆራረጥ የመጣው የወፍራምና የቀጭን መፈራረቅ ይጠፋል። ቀለበቱ ሁሉ እንቁላል ይሆናል። የፊደሉ ሠሪ ለወራት ያሰበበት ልክ በአንድ ሴኮንድ ይፈርሳል።

በላቲን ፊደል ይህ ጥፋት በአመዛኙ የመልክ ጥፋት ነው፤ አናባቢው ራሱን ችሎ የቆመ ፊደል ስለሆነ ቢከሳም ቢወፍርም ይታወቃል። በእኛ ፊደል ግን ጥፋቱ የንባብ ጥፋት ይሆናል። አናባቢያችን የሚኖረው በተነባቢው አካል ላይ ነውና፤ በአንዲት ቅጥያ፣ በአንዲት ቀለበት፣ በአንድ እግር ማጠር። «ቢ» ከእግሯ ሥር አጭር ሰረዝ አላት፤ «ቤ» በዚያው ቦታ ቀለበት አላት። ፊደሉ ከላይ ወደ ታች ሲጨፈለቅ የቀለበቷ ቀዳዳ ይደፈንና ሰረዝ ትመስላለች፤ በዚህን ጊዜ «ቤት» የተባለው «ቢት» ሆኖ ይነበባል። «ባ» ግራ እግሯ ያጠረ፣ «ቦ» ቀኝ እግሯ ያጠረ ነው። ቁመቱ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር የእግሮቹም ልዩነት በግማሽ ይቀንሳል፤ ከመንገዱ ማዶ ለቆመ ሰው ሁለቱም «በ» ይሆናሉ።

አንባቢው ከዐውዱ ተነሥቶ ያርመዋል የሚል መከራከሪያ ሊቀርብ ይችላል። «ቤት» የሚለውን ቃል በተመለከተ ልክ ነው። ይሁን እንጂ ታፔላ በአብዛኛው የሚሸከመው ስም ነው፤ ስም ደግሞ ዐውድ የለውም። «አበበ» የወንድ፣ «አበባ» የሴት ስም ነው፤ ሁለቱን የሚለያቸው የአንዲት ፊደል አንድ እግር ማጠር ብቻ ነው። ወረቀቱን ይዞ ጠበቃውን የሚፈልግ ባለጉዳይ፣ ይልቁንም ማንበብ የተማረው በጎልማሳነቱ የሆነ እንደሆነ፣ በዚያች እግር ላይ የተመሠረተ ነው። ፊደል የተቆጠረው ለተማረው ዓይን ብቻ አይደለም።

የጥንት ቁም ጸሐፊዎች ይህን ጉዳይ ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። ብራናውን ፍቀው፣ በወስፌ ወግተውና አስምረው ለጽሕፈት ሲቀመጡ፣ ትልቅ ጽሕፈትና ትንሽ ጽሕፈት የአንድ መልክ ሁለት መጠን አይደሉም ብለው ነው። በጎንደር ዘመን በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት ለቤተ መንግሥትና ለታላላቅ አድባራት መጻሕፍት ያገለገለው ትልቁና ክቡ አጻጻፍ ጉልህ ይባላል፤ ትንሹና ቀጭኑ ረቂቅ ይባላል። ረቂቅ ማለት የተኮማተረ ጉልህ ማለት አይደለም፤ ጉልህም የተነፋ ረቂቅ አይደለም። ብርዑ በሌላ ውፍረት ይቀረጻል፣ የእጁም አካሄድ ይለወጣል። ቦታ ሲተርፍ ጸሐፊው ፊደሉን አይለጥጥም፤ ሐረግ ይስልበታል ወይም ባዶውን ይተወዋል። በመስመር መጨረሻ ቦታ ሲያጥረው ደግሞ የቃሉን የመጨረሻ ፊደላት አሳንሶ፣ አንዳንዴም ከመስመሩ ወጣ አድርጎ ይጽፋል። ያሳነሳቸው ግን ሙሉ ፊደላት ናቸው፤ ቀለበታቸው ክብ፣ እግራቸው ልከኛ ነው።

የኅትመት መኪናም በመጀመሪያ ይህን ሥርዓት አላፈረሰም። እ.ኤ.አ. በ1513 በዮሐንስ ፖትከን አማካይነት በሮማ የታተመው መዝሙረ ዳዊት፣ ከዚያም በ1548 በአባ ተስፋ ጽዮን ድካም በዚያው ከተማ የወጣው የግእዝ ሐዲስ ኪዳን በተቀረጸ የብረት ፊደል የተለቀሙ ናቸው። በአገራችንም በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ለረጅም ዘመን የሠራው በእርሳስ ፊደል ነበር። የእርሳስ ፊደል አይለጠጥም። ትልቅ የፈለገ ትልቅ ሆኖ የተቀረጸውን ያነሣል፤ ጠባብ የፈለገ ጠባብ ሆኖ የተቀረጸ ከሌለው በሌላ መንገድ ይዘይዳል፤ መስመሩን ይከፍላል፣ ቃሉን ይቀንሳል። ድካም ነበረው፤ ነገር ግን ድካሙ የፊደሉ ዘበኛ ነበር።

ፊደል ለመኪና ሲል አካሉን የቆረሰበት ጊዜም አለ። ለአማርኛ የጽሕፈት መኪና በመሥራት ስሙ የሚጠራው ኢንጂነር አያና ብሩ ከሁለት መቶ የሚበልጠውን የፊደል ሠራዊት በጥቂት ቁልፎች ላይ ለማሳፈር ሲል ፊደሉን በመነጠልና በመቀጠል ላይ የተመሠረተ ዘዴ ተጠቅሟል። የመኪናው ፊደል ውበት ጎደለው ተብሎ ሊተች ይችላል፤ ሆኖም ያ ኪሳራ የተከፈለው ጽሕፈት ቤቶች በአገር ቋንቋ እንዲሠሩ ነው። የጎኑን መያዣ ይዞ የሚጎትት እጅ ግን የሚከፍለው ለምን እንደ ሆነ ሊናገር አይችልም።

በሌሎች ሕዝቦች ዘንድ ፊደል መለጠጥ የለም ማለት አይደለም። የዐረብኛ ጸሐፊዎች መስመር ለመሙላት በፊደላት መካከል ያለውን ማያያዣ ያስረዝማሉ። የዕብራይስጥ ጸሐፊዎችም የተመረጡ ጥቂት ፊደላትን ያሰፋሉ። ጉተንበርግ ባለ 42 መስመሩን መጽሐፍ ቅዱስ ሲያትም የገጹ ጠርዝ እንዲስተካከል የአንዱኑ ፊደል ጠባብና ሰፊ ልዩ ልዩ መልኮች አስቀርጿል። ሦስቱም ጋ የሚታየው አንድ ነገር ነው፤ የቱ ፊደል፣ የት ላይ፣ በምን ያህል እንደሚረዝም የወሰነው ፊደሉን የሚያውቅ ሰው ነው። ሁሉን እኩል መጎተት ከእነዚህ የአንዳቸውም ባሕል አይደለም።

እንግዲህ የእኛ ታፔላ ሠሪ ለምን ይጎትታል? ስንፍና ነው ብሎ ማለፍ ፍትሕ አይሆንም። አንደኛ፣ ፊደላችን ዐቢይና ንዑስ የሚባል ልዩነት የለውም። የላቲን ጸሐፊ አንድን ቃል ለማጉላት ዐቢዩን ፊደል ይጠራል፤ የእኛው ግን ለማጉላት ያለው መንገድ መጠንና ውፍረት ብቻ ስለሆነ እጁ ወደ መያዣው ይሄዳል። ሁለተኛ፣ የመሥሪያ ቤቶቻችን ስም ረጅም ነው። «የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ችሎት» የሚለው 28 ፊደል ነው፤ ከጎኑ ሌላ ቋንቋ ሲጨመርበት ቦርዱ ይጨንቃል። የድሮው ታፔላ ጸሐፊ ቆርቆሮው ላይ በጠመኔ አስምሮ፣ ፊደሉን ቆጥሮ፣ ከመካከል ጀምሮ ወደ ዳር እያከፋፈለ ሲሠራ ለዚህ ችግር መፍትሔ ነበረው፤ «ፍ/ቤት»፣ «ት/ቤት»፣ «መ/ቤት» የሚሉት አጻጻፎች ለቦርድም ለወረቀትም የበቁ አገር በቀል ብልሃቶች ናቸው። ቃልን ማሳጠር ፊደልን ከማሳጠር ይሻላል። ሦስተኛውና ዋነኛው ግን ደንበኛው ነው። ለሸራው ስፋት ከፍሏልና ባዶ ቦታ ሲያይ ገንዘቡ የባከነ ይመስለዋል፤ «ሙላልኝ» ይላል። ወጣቱ ሠራተኛ ከኋላው የቆመ ሌላ ደንበኛ አለበት። ይሞላል።

ትችቱ በዚህ ወጣት ላይ ብቻ እንዳይወድቅ መሣሪያ ሳጥኑን መፈተሽ ይገባል። ፊደላችን በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የሶፍትዌር ሠሪ የራሱን አሠራር ስለሚከተል በአንዱ የተጻፈ በሌላው አይነበብም ነበር፤ የዚያ ዘመን ቁምፊዎችም በቀላሉ ከገበያ አልወጡም። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ከቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው «ኒያላ» መልካም ቁምፊ ነው፤ የብርዕ ጠባይ አለው። ነገር ግን የተሣለው በአንድ ውፍረት ብቻ ነው። «አቢሲኒካ» የተባለውም እንዲሁ ብቸኛ ነው። ደማቅ የፈለገ ሰው ቁልፉን ሲጫን ኮምፒዩተሩ ጠርዙን አወፍሮ የሐሰት ደማቅ ይሰጠዋል፤ ቀዳዳዎቹ ይጠባሉ፣ ቀለበቶቹ ይደፈናሉ። ጠባብ የፈለገማ የሚጠይቀው የለም፤ ይጎትታል። የላቲን ቤተ ሰብ ዐሥርና ሃያ ወንድማማቾች ሲኖሩት፣ ፊደላችን ለረጅም ጊዜ ብቻውን የተላከ ልጅ ነበር። ብቻውን ሁሉን ሥራ እንዲሠራ ተገደደ።

ይህ ሁኔታ ተለውጧል፤ ለውጡ ግን ወደ ታፔላ ቤቶቹ ገና በሚገባ አልዘለቀም። ጎግል ያለ ክፍያ ያቀረበው «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ» ከእጅግ ቀጭን እስከ እጅግ ደማቅ ዘጠኝ ውፍረት፣ ከመደበኛ እስከ እጅግ ጠባብ አራት ስፋት አለው። በዚህ ቁምፊ ውስጥ ያለው ጠባብ «ጠ» የተጨፈለቀ አይደለም፤ በጠባብ ቦታ እንዲቆም ሆኖ የተሣለ ነው። እግሮቹ ቀርበው፣ በመካከላቸው አየር ቀርቷል። እርግጥ ነው፣ ከኪነ ጥበብ አንጻር ስንመለከተው የሚጎድለው አለ። መስመሩ ሁሉ እኩል ውፍረት ያለው በመሆኑ የብርዑ ትንፋሽ አይሰማበትም፤ የትኛውም ዓለም የትኛውም አውሮፕላን ጣቢያ ሊሰቀል የሚችል ፊት ነው። ከጉልህ ልጆች መካከል ነው ለማለት ያስቸግራል። ግን ይነበባል። በጠባብ ቦርድ ላይ የሚነበብ ባዕድ መልክ፣ ከማይነበብ የአገር መልክ ይሻላል፤ ጠባብና ሰፊ፣ ቀጭንና ደማቅ ሆኖ ከብራናው ወግ የሚወለድ ቁምፊ እስኪሣል ድረስ።

እዚህ ላይ ከሠዓልያን ወገን የሚነሣ ጥያቄ አለ። ፊደልን መለጠጥ ጥፋት ከሆነ የወሰኔ ኮስሮፍን ሸራዎች ምን እንበላቸው? እ.ኤ.አ. በ1957 በአለ ፈለገ ሰላም በተመሠረተው የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምሮ፣ ቀጥሎም በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን የገፋው ይህ ሠዓሊ፣ ፊደልን ዋና ጉዳዩ አድርጎ ይዞታል። ያስረዝመዋል፣ ይቆርጠዋል፣ ይገለብጠዋል፣ ያስጨፍረዋል። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ወሰኔ ፊደሉን ሲለጥጥ ከቃልነት ሊያወጣው ነው። በሸራው ፊት የቆመ ተመልካች እንዲያነብ አልተጠየቀም፤ ማንበብ የሚያውቀው ዓይኑ ማንበብ ሲያቅተው ቅርጹን እንዲያይ ተጋብዟል። እያንዳንዷም መስመር በእጅ የተወሰነች ናት፤ አንዱ እግር ሲረዝም ጎረቤቱ የሚያጥርበት ምክንያት አለው። የመድኃኒት ቤት ታፔላ ግን ከቃልነት የመውጣት መብት የለውም። በሌሊት ለታመመ ልጅ መድኃኒት የሚፈልግ አባት የቅርጽ ግብዣ አይጠብቅም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ መምህራንን የሚመለከት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የፊደል ገበታ ነው። ገበታው በባሕርዩ ሠንጠረዥ ነው፤ 33 ረድፍ፣ 7 ዓምድ፣ 231 እኩል ሣጥን። ፊደሎቻችን ግን እኩል አይደሉም። «ሠ»፣ «ጠ»፣ «ሐ» ሰፊ ናቸው፤ «ነ»፣ «ገ»፣ «ተ» ጠባብ ናቸው። ሸራውን የሚያቀናብር ሠራተኛ ሣጥኖቹ ሁሉ እኩል ሞልተው እንዲታዩ ሲሻ ጠባቡን ያሰፋል፣ ሰፊውን ይጨፈልቃል። «ገ» እንደ በር ይከፈታል፤ «ጠ» ትከሻውን ይሰበስባል። ይህ ገበታ ከታፔላው በተለየ የሚሰቀለው ሊያነቡት ለሚችሉ ሰዎች ሳይሆን ገና ለሚማሩት ነው፤ ዐውድም ቢሆን የላቸውም፤ እግር ሲያጥር «ባ» መሆኑን የሚነግራቸው እርሱ ብቻ ነውና። ሕፃኑ እርሳሱን ይዞ ግድግዳውን እያየ ይገለብጣል። ቀለበቷ እንቁላል ከሆነች እንቁላል ይስላል፤ እግሩ ካላጠረ አያሳጥረውም። መምህሩ ደብተሩን ሲያርም በቀይ የሚያሰምርበት ስሕተት ከግድግዳው የተቀዳ ሊሆን ስለሚችል፣ ገበታ ሲገዛ ወይም ሲያሠራ «ባ»ንና «ቦ»ን፣ «ቢ»ንና «ቤ»ን ከክፍሉ የኋላ መቀመጫ ሆኖ እያየ ሊለያቸው መቻሉን አስቀድሞ ይፈትሽ።